አንብቦ መዝጋት፣ ተገናኝቶ መጠያየቅ



ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከተማሪ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አቤቱታ አለ፦ «ቲቸር፣ ሳጠናው አውቀው ነበር፤ ፈተና ላይ ጠፋብኝ።» ተማሪዎች፣ እናንተም ብላችሁት ታውቁ ይሆናል፤ ካላላችሁት ከጎናችሁ የተቀመጠው ብሎታል። ይህን የሚለው ደብተሩን ገልጦ የማያውቅ ልጅ አይደለም። እስከ እኩለ ሌሊት ያመሸ፣ ማስታወሻውን ከዳር እስከ ዳር ሦስት አራት ጊዜ የደገመ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሰመረ ልጅ ነው። እኛ መምህራን ብዙ ጊዜ «በደንብ ብታጠና ኖሮ አይጠፋብህም ነበር» ብለን እንሸኘዋለን። ያ መልስ ትክክል አይመስለኝም። ልጁ በርትቷል። ያልያዘለት የበረታበት መንገድ ነው፤ መንገዱን ያጣውም አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ስለተወነው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሁላችንም የምናውቀውን ቁጥር ላስታውስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ የሆኑባቸውን ዓመታት አይተናል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ በኮቪድ የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ፣ ጦርነት አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ያለው መምህር አለ። ይህን ሁሉ ዘልዬ «ተማሪው ስላላጠና ነው» ብል በልጆቹ ላይ ግፍ እሠራለሁ። መንግሥት ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ መንግሥት ይመልስ። እኔ የመጣሁት በዚህ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ባለን ሰዎች እጅ ሊለወጥ የሚችለውን ልናገር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በኋላ እስከ 12ኛ መጨረሻ ድረስ ከራሱ ትምህርት ቤት ውጭ የሆነ ፈታኝ አያገኘውም። በመካከሉ ያሉት ቴስት፣ ሚድና ፋይናል ናቸው። ለእነሱ ደግሞ የዋዜማ ሽምደዳ ይበቃል። ማክሰኞ ማታ የተሸመደደው ረቡዕ ይጻፋል፣ ሐሙስ ይረሳል፤ ውጤቱ ግን ካርድ ላይ ሰፍሮ ይቀራል። ልጁም ወላጁም ካርዱን አይተው ልባቸው ያርፋል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ፈተና ግን የ12ኛን መጽሐፍ ብቻ አይጠይቅም፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ በየሐሙሱ የተረሳው ሁሉ አንድ ላይ ይጠየቃል። ስለዚህ የዋዜማ ጥናት ዛሬ ከድሮው የበለጠ ይጎዳል ባይ ነኝ።

መርሳት የስንፍና ምልክት አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ያጠናነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠፋው እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ስንት ሰዓት አጠናሁ ከማለት በፊት፣ ካጠናሁ በኋላ መቼ ተመለስኩበት፣ ስመለስስ ምን አደረግሁ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምን እናድርግ ለሚለው በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ጥሩ መልስ አለው። በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንደኛው ቡድን አራት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ያነበበው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉ ተወስዶበት የሚያስታውሰውን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው፤ እነሱ 83 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ የጻፉት 71 አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት ወደ 40 ወረዱ፤ ራሳቸውን ሲፈትኑ የቆዩት 61 ላይ ተገኙ። እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል ተብለው ሲጠየቁ፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

«ሳጠናው አውቀው ነበር» የሚለው ልጃችን ይኸው። አልዋሸም። ገጹን ደጋግሞ ሲያየው ዓይኑ ለመደው፤ መልመዱንም እንደ ማወቅ ቆጠረው። በየገበያው ቀን የምታገኙትን ሰው ፊቱን ታውቃላችሁ፤ ስሙን ጥሩ ብትባሉ ግን አፋችሁ ይያዛል። ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ የማቀርብላችሁ ልማድ ይህ ነው። አንድ ርዕስ፣ ለምሳሌ ፎቶሲንተሲስን፣ በጥሞና አንብቡ። ከዚያ መጽሐፉንም ደብተሩንም ዝጉ። ባዶ ወረቀት አውጥታችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ሥዕሉን ሳሉ፣ ቀመሩን አስቀምጡ። ጭንቅ ይላል። ሦስት መስመር ጽፋችሁ ትቆማላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ተማሪ ተስፋ ቆርጦ መጽሐፉን ይገልጣል፤ እናንተ ግን ትንሽ ታገሡ፤ ትምህርቱ ሥር የሚሰደው ያን ጊዜ ነውና። የምትችሉትን ሁሉ ከጻፋችሁ በኋላ ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በማግሥቱ ስትመለሱ ሁሉንም ከማንበብ የጎደላችሁን ብቻ እንደገና ከጭንቅላታችሁ አውጡ። በሳምንቱ መጨረሻ አንዴ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ። እያንዳንዱ መመለስ ከመጀመሪያው ንባብ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው፤ ሩብ ሰዓት ለአንድ ርዕስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይህ ልማድ በእኛ ትምህርት ቤት ሌላም ጥቅም አለው። አንድን መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት እየተካፈላችሁ የምትማሩ ብዙ ናችሁ። ከጥናቱ ግማሽ የሚሆነው መጽሐፉ ተዘግቶ የሚካሄድ ከሆነ ግን አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ይበቃል። አንዳችሁ ስታነቡ ሌላው በባዶ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ትለዋወጣላችሁ። እጥረቱን ደግ ነገር ነው እያልኩ አይደለም፤ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይገባዋል፤ እስኪመጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

ስለ ቋንቋውም ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመጣ ልጅ ይህ ትልቅ ገደል ነው። ልጁ ገደሉን የሚሻገረው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በቃሉ ይዞ ነው፤ ትርጉሙን ሳይዝ። መፈተኛው ቀላል ነው። ያነበባችሁትን ለጓደኛችሁ በአማርኛ አስረዱት። ካልቻላችሁ የያዛችሁት ቃሉን እንጂ ነገሩን አይደለም። ከቻላችሁ ደግሞ ያንኑ መልሳችሁ በራሳችሁ እንግሊዝኛ ጻፉት፤ ሰዋስው ቢበላሽም ጻፉት። መምህራን፣ በክፍል ውስጥ በአማርኛ የሚጠያየቁ ልጆችን ስትገሥጹ ይህን አስቡልኝ።

እስካሁን የተናገርኩት አንድ ልጅ ብቻውን ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ነገር ግን ብቻውን ሆኖ ደብተር ዘግቶ መቀመጥን የሚዘልቅበት ልጅ ጥቂት ነው። ጠያቂ ያስፈልገዋል። ይህን የነገሩን አሜሪካኖች ብቻ አይደሉም፤ አባቶቻችን ኖረውበታል። የቅኔ ቤት ተማሪ ቀን ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ወረቀትና ቀለም የለውም፤ ሁሉም በቃሉ ነው። ሲመለስ ግን የቆጠረውን ይዞ አይተኛም፤ ለአስነጋሪውና ለመምህሩ ይነግራል። የተሳሳተው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ ሰሚዎቹም በእሱ ስሕተት ይማራሉ። ታናሹን የሚያስተምረው ታላቁ ተማሪ ነው፤ እያስተማረም የራሱን ያጠነክራል። በወሎ በሼኮቹ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ደረሳዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ የቀደመው ለአዲሱ ያስቀራ ነበር። ዱላውንና ረሃቡን እያወደስኩ አይደለም። ቆሎ ተማሪ በልመና ቁራሽ፣ በውሻ ንክሻ ያሳለፈውን መከራ ለማንም ልጅ አልመኝም። ሥርዓቱ ግን ብቻ መሥራትንና በሰው ፊት መፈተሽን በአንድ ቀን ውስጥ አገናኝቶ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሲመጣ መፈተሹን ለመምህሩና ለፈተና ወረቀቱ ሰጥቶ ጓደኛን ከመካከል አወጣው።

ጓደኛ ከመካከል ሲወጣ የሚደርሰውን ጉዳት በደንብ ያጠና ሰው አለ። ዩሪ ትራይስማን ይባላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ሳለ አንድ ነገር አስጨነቀው። በየትምህርት ቤቶቻቸው ጎበዝ ተብለው የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ይወድቁ ነበር፤ ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች ግን ይወጡት ነበር። መምህራኑን ምክንያቱን ሲጠይቃቸው አንዳንዱ ፍላጎት የላቸውም አለ፣ ሌላው ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድሆች ናቸው፣ መሠረት የላቸውም አለ። ትራይስማን በዚህ አልረካም። ከእያንዳንዱ ወገን 20 ተማሪዎች መርጦ ወደሚያጠኑበት ቦታ ድረስ እየሄደ ለ18 ወር ተከታተላቸው።

መምህራኑ የገመቱት አንዱም አልሆነም። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ታታሪዎች ነበሩ፤ የተሰጣቸውን ይሠሩ ነበር፤ ወላጆቻቸውም ይደግፏቸው ነበር። ነገር ግን ከ20ው 18ቱ ከክፍል ጓደኛ ጋር አጥንተው አያውቁም። በሳምንት ስምንት ሰዓት ያህል፣ ሁሉንም ብቻቸውን። ጓደኝነትን ከትምህርት ለይተው ነበር የያዙት። ቻይናውያኑም መጀመሪያ ለየብቻቸው ይሠራሉ፤ በሳምንት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት። ማታ ማታ ግን ይሰበሰባሉ። አብረው ራት ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ከዚያ መልሶቻቸውን ያስተያያሉ። ሌሎቹ ሁሉ አንድ መልስ አግኝተው አንዱ የተለየ ካገኘ፣ ስሕተቱን ያኔውኑ ያገኘዋል። ሁሉም ካቃታቸው ደግሞ ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ እንጂ «እኔ ደደብ ነኝ» ብለው አይተኙም። ታላቅ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ መጥቶ የሚጠይቃቸውም ነበሩ። ብቻውን የሚያጠናው ልጅ ግን ጥያቄ ሲያቅተው የሚያነጻጽርበት የለውም፤ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሱ ይወስዳል።

ትራይስማን በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ1978 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች አብረው ከበድ ያለ ጥያቄ የሚሠሩበት ፕሮግራም ጀመረ። «የደካማ ተማሪዎች ማካካሻ» ብሎ አልጠራውም፤ ለጎበዞች የሚሆን ከባድ ሥራ ብሎ ነው የጋበዛቸው። የተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት በግልጽ ተሻሻለ። እኛ ማካካሻና ቱቶሪያል ስናዘጋጅ ደካሞችን ለይተን፣ በደካማነታቸው ጠርተን፣ ከዚያው ከወደቁበት ቀላል ጥያቄ ነው የምናስቀምጣቸው። ለምን እንደማይመጡ መገመት አይከብድም።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልምጣ፤ የመጣሁበት ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ከገጠር ቀበሌ መጥታችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ናችሁ። አርብ ስንቅ ልታመጡ ትሄዳላችሁ፤ እሑድ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። በአንዲት ክፍል ሦስት አራት ሆናችሁ ታድራላችሁ። ሰው ይህን ኑሮ በችግርነቱ ብቻ ያየዋል፤ ችግርም ነው፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ግን ለበርክሌዮቹ ቻይናውያን ተማሪዎች ስኬት ምክንያት የሆነው ነገር ግማሹ በእጃችሁ ነው፤ አብራችሁ ታበስላላችሁ፣ አብራችሁ ትበላላችሁ። የጎደለው ከራት በኋላ ያለው ነው።

እንዲህ ሞክሩት። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ዝም ብሎ፣ የቀኑን ሥራ ይሥራ። ይህን ሳይሠራ ወደ ቡድኑ የሚመጣ ሰው ሸክም ይሆናል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይቀየር። ከራት በኋላ ደብተር ሁሉ ይዘጋ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሌሎቹ ይመልሱ፤ ነገ ጠያቂው ይቀየር። የሒሳብ መልስ ሲለያይ «ማን ትክክል ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። እያንዳንዱ እንዴት እንደደረሰበት ያስረዳ። የተሳሳተው ራሱ ስሕተቱ የት እንደሆነ እስኪያገኘው ድረስ ታገሡት። ከሠላሳና አርባ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። አርብ ወደ ቀበሌያችሁ ስትሄዱም መንገዱ ረጅም ነው፤ የሳምንቱን ባዮሎጂና ታሪክ እየተጠያየቃችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይ መጽሐፍ መግለጥ አይቻልም፤ ለዚህ ጥናት ደግሞ የሚፈለገው ያው ነው።

ከወላጆቻችሁ ጋር በከተማው የምትኖሩ ልጆችም አላችሁ። ከገጠር ከመጣው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጣችሁ ዓመቱን ሙሉ ሳትተዋወቁ የምታልፉ አትጠፉም። በእረፍት ሰዓት እናንተ በአንድ በኩል፣ እሱ በአጥሩ ጥግ። እናንተ ስልክ አላችሁ፣ በቴሌግራም ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ታገኛላችሁ፣ እንግሊዝኛውም ይቀልላችኋል። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቃሉ የሚይዘው የሚያስደንቅ ነው፤ በሒሳቡም ከእናንተ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አንድ የቡድን ጓደኛችሁ ከዚያ ወገን ይሁን። ያለፉትን ጥያቄዎችም ስታመጡ መልሱን አብራችሁ አታምጡ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ መልስ የሚሸመደድበት የጥያቄ ክምር ለማንም አልጠቀመም።

«የቡድን ጥናት እኛም ሞክረናል፣ አልሠራም» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። የቡድን አሳይመንት ሲሰጥ አንዱ ይሠራል፣ የአምስቱ ስም ይጻፋል። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ትምህርት ቤት ገብቶ በነበረ ጊዜም ቡድኖቹ የተዋቀሩት ከላይ በተላከ መመሪያ ነበር። ስም ዝርዝር ተሞላ፣ ሪፖርት ተላከ፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ ሳይመራረጡ፣ ጎበዙ ሠሪ ሌሎቹ ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ቡድን በመዝገብ አይፈጠርም። ሦስት ወይም አራት ሰው በፈቃዱ ሲገናኝ፣ ሁሉም ሠርቶ ሲመጣ፣ መጠየቅ በተራ ሲሆን ነው የሚጸናው። ርዕሰ መምህራን ማድረግ የምትችሉት ቦታና ሰዓት መስጠት ነው፤ ፎርም እባካችሁ አታስሞሉ።

ስለ ኩረጃም በግልጽ ልናገር። ፈተና ላይ መልስ ያላሳየ ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ ንፉግ ይባላል፤ ከፈተና በኋላ ይገለላል፣ አልፎ አልፎም ይደበደባል። ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት «ይህን አስረዳኝ» ተብሎ ጊዜ የለኝም ያለውን ግን ማንም ንፉግ አይለውም። የመረዳዳት ባህላችን ቦታውን ስቷል። አዳራሽ ውስጥ በጨረፍታ የተገለበጠ መልስ ለተቀባዩ ምንም አይተውለትም፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ብቻውን ሲቀመጥ ባዶ እጁን ነው። ከእናንተ መካከል ጎበዝ የሆናችሁ፣ በፈተና ቀን እንቢ ለማለት ድፍረት የምታገኙት በፊቱ ባሉት ሳምንታት ያላችሁን ስትሰጡ ነው። «ቀለሜ» እያሉ በሚያጠና ልጅ ላይ መሳቅም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዕውቀቱን ለራሱ ብቻ የያዘ የሚመስለውን ሰው ሰው ይስቅበታል፤ ማታ ከአጠገቡ ተቀምጦ ያስረዳውን ግን አይስቅበትም።

ክበባትንም አትናቁ። ሚኒ ሚዲያው፣ የሥነ ጽሑፍ ክበቡ፣ ቡድን ለቡድን የሚደረገው ኳስ፣ ብዙ ልጅ ትምህርት ቤቱን የእኔ ነው የሚለው በእነሱ በኩል ነው። ጥናትን ይሻማሉ ብለው ልጆቻቸውን የሚከለክሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን ከግቢው ጋር ያልተዛመደ ልጅ መጀመሪያ ሲቸግረው ጥሎ ሲሄድ ነው ያየሁት።

አሁን ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ከባድ ነገር እናገራለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ። ወንድምና እህት አንድ ቤት ተከራይተው ሲማሩ የምታበስለው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። የወንድሟ ጓደኞች ለጥናት ሲመጡ ደግሞ ቡና ታፈላለች። እሱ አራት ሰዓት ሲያጠና ለእሷ የሚተርፋት አንድ ሰዓት ነው፤ እሱንም በድካም። ከዚያ በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «እሱ ጎበዝ ነው» ትላላችሁ። ስንቅ ስትጭኑላቸው፣ ልጄ፣ አንድ ቀን አንተ አንድ ቀን እሷ ብላችሁ ሥራውን ከፋፍላችሁ ላኩ። ወንድ ልጅ ወጥ ቢሠራ ምንም አይሆንም። እናንተ ልጆቼ ሴቶችም የራሳችሁን የጥናት ቡድን አቋቁሙ፤ ማታ ለየብቻ ከመሄድ አብሮ መሄድ ለደኅንነታችሁም ይሻላል። ልጃገረዶች በወር አበባ ምክንያት ከክፍል እንዳይቀሩ ግቢው ውስጥ የተለየ ክፍልና የንጽሕና መጠበቂያ እንዲኖር ወላጅ መምህር ኅብረቱ ቢይዘው ብዙ ቀን ይተርፋል።

ስለ እንቅልፍ ባጭሩ። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቀን የተማራችሁት በአእምሯችሁ የሚደላደለው ስትተኙ ነው። በጫት ነቅቶ ያደረ ልጅ ሌሊቱን ያጠናውን በእንቅልፍ ማጣቱ መልሶ ያፈርሰዋል፤ ሱሱ ደግሞ ከፈተናው በኋላም ይከተለዋል።

መምህራን፣ ከ60 በላይ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የምትሠሩትን ድካም አውቀዋለሁ። ተጨማሪ ሥራ አልጠይቅም። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አምስት ደቂቃ ያለፈውን ሳምንት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማርክ የሌለው፣ ደብተር ተዘግቶ የሚመለስ። ማርክ ስለሌለው አይኮርጁም፤ አርሙ የሚላችሁም የለም። ቴስት ስትመልሱ ደግሞ ውጤት ብቻ አንብባችሁ አትለፉ፤ ብዙ ተማሪ የሳተውን አንድ ጥያቄ መርጣችሁ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለምን እንደሳቱት እንዲነጋገሩ ስጧቸው። ለ9ኛ ክፍል አዲስ ገቢዎችም ከ11ኛ ክፍል አንድ አንድ ታላቅ ብታገናኟቸው፣ ታናሹ በመጀመሪያው ወር አይጠፋም፤ ታላቁም የ9ኛን ትምህርት ሲያስረዳ ለ12ኛ ፈተናው ይከልሳል።

የቀረኝ የቤተ መጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። አሁን 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለተከራይ ልጆች ደግሞ መብራትና ጠረጴዛ የሚያስፈልጋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢከፈት፣ አንዱ ክፍል ዝም ብሎ ለሚያነብ፣ ሌላው ድምፅ እያሰማ ለሚጠያየቅ ቢለይ ብዬ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረናል። የሚያስፈልገው የጥበቃ አበልና መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ ነው። ዕድሮቹ ይህን ሊሸፍኑ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ሲመለሱ መንገዱ እንዴት ይሁን፣ የቤት አከራዮች በርን እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ያደርጋሉ፣ ይህን እኔ ልወስነው አልችልም። እዚህ አከራዮችም አላችሁ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችሁ እናቶችም አላችሁ። በቀረው ጊዜ እናንተን መስማት እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ እናቶች ቢናገሩ ደስ ይለኛል።